ማንሻውን የሚይዘው እጅ፦ የማዕድን ነፍስ አድን ሮቦቶች መቆጣጠሪያ ታሪክ ከካዛንቺስ ሲታይ



ርእሴን ለአዘጋጆቹ ባሳወቅሁ ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ፣ «ካዛንቺስ ላይ ስለ ማዕድን ጉድጓድ ማውራት ምን ይባላል? እዚህ የሚቆፈረው የሕንፃ መሠረት ነው» ብለውኝ ነበር። እውነት አላቸው፤ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወርቅም ኦፓልም አይወጣም። ይሁን እንጂ ማዕድን በሚወጣበት ቦታና ስለ ማዕድን በሚወሰንበት ቦታ መካከል ሁልጊዜ ርቀት አለ፤ ይህ ሰፈር ያለው በሁለተኛው ጫፍ ነው። ስሙ ራሱ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም ቤቶች፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አለ። አዳራሹ የሚገኝበት የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባጸደቁት የአፍሪካ የማዕድን ራዕይ ዝግጅት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሰነዱ በእጃቸው ስለሚቆፍሩት ባህላዊ ማዕድን አውጪዎችም ይናገራል።

ዛሬ የማነሣው ሰነዱና ጉድጓዱ የሚገናኙበትን አንድ ጠባብ ነጥብ ነው። ሰው በተናደ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀር፣ በሰው ፋንታ የሚገባውን ማሽን ከውጭ ሆኖ የሚያዘው ማን ነው? የሚያዝበት ማንሻ፣ ቁልፍ፣ ስክሪንና ድምፅስ ለማን እጅ፣ ለማን ዓይንና ለማን ጆሮ ተሠራ? እነዚህን ሁሉ በአንድነት «የመቆጣጠሪያ ገጽ» እላቸዋለሁ። የምከራከርበትም ነጥብ አንድ ነው፦ ያለፉት ሰማንያ ዓመታት ታሪክ እንደሚያሳየው ይህ ጥያቄ ማሽኑ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሲጠየቅ መልሱ የሚገኘው ከአደጋ ምርመራ መዝገብ ነው።

ከደላንታ ልጀምር።

በደቡብ ወሎ፣ በደላንታ ወረዳ፣ ወገልጤና አካባቢ የሚገኘው ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ድንጋዩን የያዘው ንብርብር በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል የተጋደመ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሜትር አይበልጥም። የሚታየውም በገደል ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ቆፋሪው ከላይ ወደ ታች አይወርድም፤ በገደሉ ወገብ ላይ ቆሞ ንብርብሩን እየተከተለ ወደ ተራራው ሆድ ይገባል። ዋሻው የንብርብሩን ቅርጽ ይይዛል፤ ጠባብና ዝቅተኛ ይሆናል፤ አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ፣ አንዳንዱ በደረት ተስቦ የሚገባበት ነው። መሣሪያው ዶማ፣ መዶሻ፣ ድጅኖና የእጅ ባትሪ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባህላዊ ማዕድን ማውጣት የሚለው ይህንኑ በእጅ የሚሠራ ሥራ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ማለቂያ ላይ ከእነዚህ ዋሻዎች አንዱ ተደርምሶ ሃያ ያህል ወጣቶች ውስጥ መቅረታቸው ተነገረ። ዜናውን የተከታተላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቀናት አለፉ፣ የአካባቢው ሰው በእጁ ይቆፍር ነበር፤ ከባድ ማሽን ወደዚያ ገደል ማድረስ የማይታሰብ ነበር። ወንድም ወንድሙን ፍለጋ ይገባል፤ የሚገባበት ዋሻ ደግሞ ያው የተናደው ነው።

ነፍስ አድን ሮቦት ለምን አስፈለገ ለሚለው መልሱ እዚህ ላይ ነው፤ ሊያድን የገባው ሰው ራሱ ይሞታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ በሁለተኛው ናዳ ተዋጠ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 በአሜሪካ ዩታ፣ ክራንዳል ካንየን በተባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ስድስት ሠራተኞች ከተቀበሩ ከአሥር ቀን በኋላ ሊያወጧቸው ሲቆፍሩ ከነበሩት ሦስቱ ሞቱ። አንዱ አገር ሀብታም ነው፣ ሌላው ድሃ፤ የሆነው ነገር ግን ተመሳሳይ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ሰው ከመሬት በታች ያለውን አደጋ በምን ያውቅ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1815 እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ነበልባሉን በሽቦ ወንፊት የከበበ ፋኖስ ሠራ። ፋኖሱ ብርሃን ብቻ አልነበረም። ሚቴን ጋዝ ሲኖር ነበልባሉ ይረዝማል፣ ዙሪያውን ሰማያዊ ቀለም ይከበዋል፤ አየሩ ኦክስጅን ሲያጣ ደግሞ ይጠፋል። ማንበብ የማይችል ሠራተኛ እንኳ ከእጁ ላይ ያነበው ነበር። በኋላ ጆን ስኮት ሃልዴን ካናሪ የተባለችውን ወፍ አስገባ፤ ወፏ በካርቦን ሞኖክሳይድ ከሰው ቀድማ ትወድቃለች። ብሪታንያ ይህችን ወፍ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተካችው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከማውቃቸው የመቆጣጠሪያ ገጾች ሁሉ የካናሪዋን ያህል ግልጽ የሆነ አላየሁም፤ ትዘምራለች፣ ዝም ትላለች፣ ትወድቃለች። ሦስት ምልክት ብቻ ናት፤ ሥልጠና አትጠይቅም፣ በማንም ቋንቋ ትገባለች።

ማሽን ሲበዛ ምልክቱም በዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ «ቢ-17» ቦምብ ጣዮች ካረፉ በኋላ መሬት ላይ በሆዳቸው ይወድቁ ነበር። አብራሪው መሬት ከነካ በኋላ የክንፉን ፍላፕ ለማጠፍ ሲያስብ የሚጎትተው የጎማውን ማንሻ ነበር። መዝገቡ «የአብራሪ ስህተት» ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ራይት ፊልድ በተባለው የጦር አየር ኃይል ጣቢያ ሆኖ ጉዳዩን ሲመረምር፣ ሁለቱ ማንሻዎች ጎን ለጎን የተቀመጡና በቅርጽ የማይለዩ መሆናቸውን አየ። መፍትሔው የልጅ ሥራ ይመስላል፤ በጎማው ማንሻ ጫፍ ላይ ትንሽ የጎማ ክብ፣ በፍላፑ ማንሻ ጫፍ ላይ የክንፍ ቅርጽ ያለው ቁራጭ አደረገበት። እጅ በጨለማም ቢሆን የያዘውን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1947 ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ «የአብራሪ ስህተት» የተባሉ 460 ገጠመኞችን ሰብስበው ሲተነትኑ ብዙዎቹ ከመሣሪያው አሠራር የሚመነጩ ሆነው ተገኙ። ዛሬ የምንነጋገርበት የትምህርት ዘርፍ የተወለደው ከዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ካሉት ምሳሌዎች አንዱን ብቻ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1979 በአሜሪካ የስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ጣቢያ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ክፍት እንደሆነ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለው መብራት ግን ቫልቩ የተዘጋ ያስመስል ነበር። መብራቱ የሚናገረው «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መላኩን እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አልነበረም። ሠራተኞቹ ከሁለት ሰዓት በላይ በዚያ መብራት ተታለሉ። የታዘዘውና የሆነው ልዩነት የሚለውን ነጥብ ያዙልኝ፤ ሮቦቱ ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ሮቦቶች በፍርስራሽ ውስጥ ሰው ፍለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተሰማሩት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 በኒው ዮርክ፣ በዓለም የንግድ ማዕከል ሕንፃዎች ፍርስራሽ ላይ ነው። ቡድኑን ከመሩት አንዷ ፕሮፌሰር ሮቢን መርፊ ናቸው። አንዳንዶቹ ሮቦቶች ከጫማ ካርቶን አይበልጡም ነበር። ከዚያና ከተከታታይ የሜዳ ልምምዶች የተገኘው ትምህርት መሐንዲሶቹን አስገርሟል። ችግሩ የጎማው ጥንካሬ ብቻ አልነበረም፤ ኦፕሬተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው ሮቦቱን በመንዳት ሳይሆን «ምንድን ነው የማየው? ወዴት ዞሬ ነው ያለሁት?» እያለ በመፈለግ ነበር። በካሜራ ዓለምን ማየት በቁልፍ ቀዳዳ ቤት እንደ ማየት ነው። ሌላም ነገር ታየ፤ አንዱ እየነዳ ሌላው አብሮት እያየና እየተነጋገሩ ሲሠሩ፣ አንድ ሰው ብቻውን ከሚፈልገው እጅግ የተሻለ ውጤት ያመጣሉ። ብዙ የመቆጣጠሪያ ገጾች ግን ለአንድ ሰው፣ ለሁለት ዓይንና ለሁለት እጅ ብቻ ተሠርተዋል።

አሁን ወደ ማዕድን ልመለስ፤ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2006፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሳጎ። በፍንዳታ ምክንያት አሥራ ሦስት ሠራተኞች ውስጥ ቀሩ። የአሜሪካ የማዕድን ደኅንነት መሥሪያ ቤት «ቪ-2» የሚባል ሮቦት ነበረው። ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ቁመቱ ከሰው ወገብ በላይ ነው፤ ሞተሮቹ ጋዝ እንዳያቀጣጥሉ ተደርገው ታሽገዋል፤ ከኋላው 1,500 ሜትር ያህል የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ይጎትታል። ገመዱ የግድ ነው፤ ሬዲዮ በአለት ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ሮቦቱ ገባ፤ ጥቂት መቶ ሜትሮች ተጉዞ ተሰናከለና ቆመ። ሰዎቹ ዘንድ የደረሱት በእግራቸው የሄዱ ነፍስ አድን ሠራተኞች ነበሩ።

ከሳጎ ታሪክ ግን እኔን ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ ሮቦቱ አይደለም። ሠራተኞቹ የተገኙት ከአደጋው አርባ አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ያገኟቸው ሰዎች የመተንፈሻ ጭንብል ለብሰው ነበር። መልእክታቸው ከመሬት በታች ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው በቅብብሎሽ ወጣ። ጭንብል የለበሰ ሰው ድምፅ ይታፈናል። ላይ ሲደርስ መልእክቱ «አሥራ ሁለቱ በሕይወት አሉ» ሆኗል። በአቅራቢያው ባለው ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡት ቤተሰቦች ደስታቸውን ገለጹ፣ ደወል ተደወለ፣ ጋዜጦች ያንን አትመው አደሩ። ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ እውነቱ ተነገራቸው። የተረፈው አንድ ብቻ ነበር፤ አሥራ ሁለቱ ሞተዋል። ይህን የምነግራችሁ የመቆጣጠሪያ ገጽ የሚባለው ከስክሪን እንደሚሰፋ ለማሳየት ነው። ከጉድጓዱ ውስጥ ያለውን እውነት ውጭ ለሚጠብቀው ሰው የሚያደርሰው ሰንሰለት በሙሉ፣ ጭንብሉ፣ ሬዲዮው፣ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ሰውና በመጨረሻም እናትየው ጆሮ የሚደርሰው ቃል፣ በመሐንዲስ ሊታሰብበት ይገባል።

ከአራት ዓመት በኋላ በኒው ዚላንድ ፓይክ ሪቨር 29 ሠራተኞች በፍንዳታ ሲቀሩ፣ ነፍስ አድን ሠራተኞች በጋዙ ምክንያት መግባት ስላልቻሉ የጦር ሠራዊቱ የቦምብ ማምከኛ ሮቦት ተላከ። 550 ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ውኃ ገብቶበት ቆመ። ለሌላ ሥራ፣ ለሌላ መሬት የተሠራ ማሽን ነበር። ከ29ኙ አንድም ሰው በሕይወት አልወጣም።

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የሳንዲያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ «ጀሚኒ ስካውት» የተባለ የማዕድን ነፍስ አድን ሮቦት አሳየ። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ከሃያ አይበልጥም፤ ግማሽ ሜትር ያህል ውኃ ውስጥ ይሄዳል። የሚገርመው መቆጣጠሪያው ነበር፤ ወጣቶች የሚጫወቱበት የ«ኤክስ ቦክስ» ጌም መጫወቻ ነው። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ አደጋ ሲደርስ የሚመጣው ሰው ሮቦት ነድቶ ላያውቅ ይችላል፤ ጣቶቹ ግን ይህን ዕቃ ያውቁታል። ቻፓኒስ ማንሻውን ለእጅ አስማማው፤ እነዚህ ደግሞ እጅ አስቀድሞ የለመደውን ዕቃ ወደ ማሽኑ አመጡት።

ወደ አገራችን ከመመለሴ በፊት በራሳችን ሰማይ ላይ የደረሰ አንድ ጉዳይ ማለፍ አልችልም። ከዚህ አዳራሽ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከዚያ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን 157 ሰዎችን ይዞ ሄደ። የአንድ ዳሳሽ የተሳሳተ ንባብ፣ አብራሪዎቹ ያላዘዙትን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋ ሥርዓት ቀሰቀሰ። መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ማስጠንቀቂያዎች ይደራረባሉ፤ ሁለቱ ዳሳሾች አለመስማማታቸውን ሊናገር የሚገባው ምልክት ግን አልታየም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 እንዳለው፣ አምራቹ አብራሪው እንዲህ ያደርጋል ብሎ የገመተው ግምት ብዙ ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ጊዜ ሲጮኹ ሰው እንዴት እንደሚሆን አላገናዘበም። ስለ በረራ ሠራተኞቹ ድርሻ በመርማሪዎች መካከል ልዩነት መኖሩን አውቃለሁ፤ ያን ክርክር ዛሬ አልፈታም። የምወስደው ይህን ነው፦ ንድፍ አውጪው በዐሳቡ የፈጠረው ኦፕሬተርና በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው አልተዋወቁም ነበር።

እንግዲህ የደላንታውን ኦፕሬተር ማን በዐሳቡ ይፈጥረዋል?

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከመስኮቱ ውጭ እዩ። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ካዛንቺስ ሲፈርስና ሲሠራ የኤክስካቫተር ድምፅ የሰፈሩ የዘወትር ድምፅ ሆኗል። በአገራችን የነፍስ አድን ማሽን የሚባል ካለ ኤክስካቫተሩ ነው፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲሞቱ ፍለጋ ላይ የተሰማራው እርሱ ነበር። የኤክስካቫተር ኦፕሬተርን ጠይቁ፤ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት የጆይስቲክ አሠራር እንዳለ ይነግራችኋል። በአንደኛው ዋናው ክንድ የሚነሣው በቀኝ እጅ ነው፤ በሌላው በግራ እጅ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ኦፕሬተር በተረጋጋ ጊዜ ራሱን ያስለምዳል፤ በድንጋጤ ጊዜ ግን እጁ ወደ መጀመሪያው ልማዱ ይመለሳል። የአእምሮ ጉዳይ አይደለም፤ የጡንቻ ትዝታ ነው። ከየአገሩ የሚገቡ ማሽኖች፣ ጽሑፋቸው አንዱ በቻይንኛ ሌላው በእንግሊዝኛ፣ በአንድ የሥራ ቦታ ሲገናኙ ይህ የዕለት ተዕለት እውነት ነው። የምሕንድስና ተማሪዎቻችን ግን ስለዚህ ልምድ ኦፕሬተሮቹን ሲጠይቁ ብዙም አላይም፤ እጅ ያለው እውቀት እንደ እውቀት አይቆጠርም።

ሁለተኛው የእጅ ትምህርት ቤት ደግሞ ወላጆች የምንቆጣበት ነው። በቂርቆስ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ያሉትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች ማለቴ ነው። እኔም እንደ አባት ተቆጥቻለሁ። እንደ ሙያ ሰው ግን የሳንዲያን ምርጫ ሳይ፣ በእነዚያ ጠባብ ክፍሎች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ለሮቦት መንጃ የሚሆን ጣት እያበጁ እንደሆነ አልክድም። ደግሞም ልብ በሉ፤ አንዱ ይጫወታል፣ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው «በግራ ነው! በግራ ነው!» ይላሉ። ተመራማሪዎቹ በፍርስራሽ ላይ ደክመው ያገኙት የሁለት ሰው አሠራር እዚያ ያለ ክፍያ ይታያል።

የጌም መጫወቻው ግን ብቻውን መልስ አይሆንም። በዚህ ላይ ከአንዳንድ ባልደረቦቼ ጋር እለያለሁ። በወገልጤና ገደል ላይ የሚቆመው ኦፕሬተር የጌም ልጅ ላይሆን ይችላል፤ ከሌሊቱ ጀምሮ ሲቆፍር የቆየ፣ እጁ የቆሰለ፣ ወንድሙ ውስጥ ያለበት የሠላሳ ዓመት ሰው ሊሆን ይችላል። ያን ትንሽ ቁልፍ በቆሰለ አውራ ጣቱ ይዞ በትክክል ይጫነዋል? በደጋው ፀሐይ ስክሪኑ ይታያል? ትእዛዝ ሲልክ ስክሪኑ የሚያሳየው የላከውን ነው ወይስ የሆነውን? ሰንሰለቱ በጭቃ ላይ እየተሽከረከረ ሮቦቱ ካልተንቀሳቀሰ፣ «ወደ ፊት» የሚል ቀስት የሚያሳይ ስክሪን ያው የስሪ ማይል አይላንድ መብራት ነው።

አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ልጨምር፤ ሰዓቱ። ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም የመቆጣጠሪያ ስክሪን 08:00 ሲል ለእኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። የኦክስጅን ሲሊንደር የሚያበቃበት፣ የመጨረሻው ድምፅ የተሰማበት፣ ተረኛው የሚለወጥበት ጊዜ በሬዲዮ ሲነገር «ስምንት ሰዓት» ማለት የትኛው ስምንት ነው? ሆስፒታልም ሆነ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ ሁሉ ይህን መደናገር ያውቀዋል፤ እዚያ ቀጠሮ ያሳልፋል። በሳጎ ዓይነት ቅብብሎሽ ውስጥ ቢገባ ግን የስድስት ሰዓት ስህተት ሰው ይገድላል። ይህን ከውጭ ያለ ንድፍ አውጪ እንዲያስብልን መጠበቅ አይገባም፤ የእኛ ሰዓት የእኛ ጉዳይ ነው።

ስለ ፊደላችን ከዚህ በፊት እንዲህ አድርገን እናውቃለን። ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን ፊደላት ጥቂት ደርዘን ቁልፎች ባሉት የጽሕፈት መኪና ላይ ማስማማት የማይቻል ሲመስል ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና አበጁ። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ በማንኛውም ስክሪን ላይ አማርኛ ማሳየት የቴክኒክ ችግር አይደለም። የቀረው የቃል ምርጫ ነው። «ኦፕሬሽን ተቋርጧል» የሚል ስክሪንና «ቆሟል፤ ገመዱን ሳቡ» የሚል ስክሪን ሁለቱም አማርኛ ናቸው፤ ገደል ላይ የሚያገለግለው አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከዚህ በፊትም ተነሥቷል። «ቆፋሪው የድጋፍ እንጨትና የራስ ቁር በሌለው አገር ስለ ሮቦት ማውራት ቅንጦት ነው» ይባላል። ግማሹን እቀበላለሁ። የዋሻ ጣራን የሚደግፍ እንጨት፣ አየር መግቢያ ሁለተኛ ቀዳዳ፣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚል መዝገብ ከየትኛውም ሮቦት ይቀድማሉ፤ ስንት ሰው ውስጥ እንዳለ በእርግጠኝነት ካልታወቀ ሮቦቱም የሚፈልገውን አያውቅም። ሌላውን ግማሽ ግን አልቀበልም። እኛ ስላላሰብነው ማሽኑ ከመምጣት አይቀርም። እንደ ኤክስካቫተሩ ሁሉ በእርዳታም ሆነ በግዢ፣ ተሠርቶ ያለቀ፣ ስክሪኑ በሌላ ቋንቋና በሌላ ሰዓት የተቃኘ ሆኖ ይመጣል፤ ሲሳነውም መዝገቡ «የኦፕሬተር ስህተት» ይላል።

ደግሞም ውድ ነገር ሁሉ አስፈላጊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በቺሊ ኮፒያፖ 33 ሠራተኞች 69 ቀን ከመሬት በታች ቆይተው ሁሉም በሕይወት ሲወጡ፣ ዓለም ያየው ሰዎቹን አንድ በአንድ ያወጣውን ጠባብ የብረት እንክብል ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ግን ያቆያቸው በቀጭን የመሰርሰሪያ ቀዳዳ የወረደ ስልክ፣ ምግብና ደብዳቤ ነበር። በአሥራ ሰባተኛው ቀን መኖራቸው የታወቀው በመሰርሰሪያው ጫፍ ላይ ታስሮ በወጣ ቁራጭ ወረቀት ነው። ለደላንታ ዋሻ የሚሆነው ሮቦት ግማሽ ቶን የሚመዝነው «ቪ-2» አይደለም፤ በዝቅተኛው ዋሻ አይገባም፣ ገደሉንም አይወጣም። ሁለት ሰው ተሸክሞት የሚወጣ፣ ገመድ የሚጎትት፣ ካሜራ፣ መብራት፣ የጋዝ መለኪያ፣ ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ያለው ዝቅተኛ ጋሪ ይበቃዋል። ገመዱ መረጃ ያስተላልፋል፤ ማሽኑ ሲቆምም ይጎትተዋል፤ ውስጥ ያለ ሰው ቢያገኘው ደግሞ ውጭ የሚጠብቅ ሰው መኖሩን ያውቅበታል።

ይህን የመሰለ ማሽን አካል በአገራችን ወርክሾፕ መሥራት ይቻላል። ተማሪዎቼ «ከየት እንጀምር?» ሲሉኝ ግን ከሞተሩ አትጀምሩ እላቸዋለሁ። መቆጣጠሪያውን ከካርቶን ቁረጡት፤ ማንሻዎቹን ከእንጨት ጥረቡ፤ በስክሪኑ ቦታ የተሣለ ወረቀት ለጥፉ። ወደ ወገልጤና ይዛችሁት ውጡና ቆፋሪዎቹ እጅ ላይ አኑሩት። የቆሰለ እጅ፣ ጓንት ያደረገ እጅ፣ ግራኝ እጅ ይያዘው። «ሮቦቱ ቆሟል፤ አሁን ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚሉትንም ጻፉ፤ የሚጠሩበትንም ቃል በእነርሱ አጠራር ጻፉ። አንዱ ሲነዳ ሌላው የት እንደሚቆም፣ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ እናቶቹ የት ሆነው እንደሚጠብቁና ወሬው በማን አፍ እንደሚደርሳቸው እዩ። ባለፈው ዓመት ከሦስት የምረቃ ፕሮጀክት ቡድኖች ሁለቱ ይህን ትተው ሞተር ገዙ። ሦስተኛው ቡድን ካርቶኑን ሠርቷል፤ ለጉዞው የሚሆን በጀት ግን ገና አልተፈቀደለትም። ካርቶኑን ዛሬ ይዘውት መጥተዋል፤ መውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትወጡ ያዙት፣ ሞክሩት፤ የማይመቻችሁን ከጎኑ ባለው ደብተር ላይ ጻፉላቸው።